«ገና ግማሹም አላለቀም እኮ!»

አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 1,000 ዩኒት ማለት ነው። በቀን 10 ዩኒት የሚወጋ ልጅ በ28 ቀን የሚጠቀመው 280 ብቻ ነው። ከተከፈተ 28 ቀን ስለሞላው የቀረውን 720 «ጣሉት» ይባላል። እስቲ ይህን አየር ጤና ወይም አጠና ተራ ኑሮ ለከበዳት እናት ንገሯት! «ገና ግማሹም አላለቀም እኮ» ብትል አይፈረድባትም።

28 ግን ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። ክዳኑ በመርፌ በተበሳ ቁጥር ጀርም ሊገባ ይችላል። ውስጡ ያለው ፌኖል ወይም ሜታክሬሶል ጀርሙን መግታቱ በላቦራቶሪ የሚፈተነው ለ28 ቀን ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው፤ የመድኃኒቱን ኃይል ቀስ በቀስ ያደክማል። የአምራቾቹ ወረቀትም ይለያያል፤ አንዱ 28፣ ሌላው 31፣ ሌላው 42 ቀን ይላል። የጎረቤትን ሳይሆን የራሳችሁን ብልቃጥ ወረቀት ተመልከቱ፣ ካልገባችሁ ፋርማሲስቷን ጠይቁ።

በሙቀት በኩል ሰፈራችን ኮልፌ ታድላለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የተከፈተ ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ እስከራቀ ድረስ መብራት ጠፋ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። እኔን የሚያስፈራኝ የፍሪጁ በረዶ ቤት ነው። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ቀንም ጣጣ አለው። «03/2026» የሚለው የፈረንጅ ነው፤ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2018 ያበቃል፣ ያውም ላልተከፈተው። የከፈታችሁበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ጥቅምት 5 የተከፈተ፣ ኅዳር 3 ላይ 28 ቀን ይሞላዋል።

ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ከደፈረሰ ይጣል። ነጩ ኢንሱሊን በመዳፍ መሃል ተንከባሎ እኩል ወተት ካልመሰለ፣ ወይም ጠርሙሱ ላይ እንደ ውርጭ ከተለጠፈ ያው ነው። ጥርት ማለቱ ግን ሙሉ ኃይል አለው ማለት አይደለም፤ ስኳሩ ያለ ምክንያት ከወጣ መጀመሪያ ብልቃጡን ጠርጥሩ።

የማልስማማው ቀኑ አለፈ ተብሎ፣ አዲስ እስኪገኝ መርፌ ማቋረጥን ነው። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካጣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል። ሌላ ከሌለ ባለው ተወግቶ፣ ስኳሩ እየተለካ ይደር፤ ጠዋት ጤና ጣቢያ። ካስመለሰው፣ ሆዱን ካመመው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ጠዋትን አትጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።