የጤፍ ፍሬ የሚለይ ካሜራ በጣና ዳርቻ

ይድረስ አዲስ አበባ ለምትገኙት ቤተሰቦች፤

ልጃችሁ ከጓደኛው ተውሶ ያመጣው ካሜራ ደኅና ነው፤ እማዬ አብዝታ የሰጋችለት ጀልባ ላይ እንኳ ጠብታ አልነካውም።

የካሜራው ሙከራ የተጀመረው አንበሳሜ ላይ ነው። ልጃችሁ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ሐሙሲት ደረሰ፤ ከዚያ ወደ እስቴ በሚገነጠለው መንገድ ታጥፎ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ አንበሳሜ ገባ። የገበያ ቀን ስለነበር እህል ተራው ሞልቷል። ጤፍ ይዘው የተቀመጡ አንዲት እናት ፊታቸውን መነሣት አልፈለጉም። ጤፋቸውን ግን በደስታ ፈቀዱ፤ እንዲያውም ከላይ ያለውን ገለባ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው አመቻቹለት።

ካሜራው ሶኒ ኤ7 አር 4 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ነው። አንዱ ምስል በአግድም 9,504፣ በቁመት 6,336 ፒክስል ይይዛል፤ ሲባዛ 60 ሚሊዮን ያልፋል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የጤፍ ክምር የምስሉን ወርድ ሞልቶ ሲነሣ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዘጠኝ ተኩል ፒክስል ይደርሰዋል። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትለያለች። ከነጩ መሐል የገባችው ቀይ ፍሬ ሳትቀር ታየች። ባለ ጤፏ በካሜራው ጀርባ ላይ ተጎልቶ ሲያዩት ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ቀጥለው ቀይዋን ፍሬ ከክምሩ ውስጥ ይፈልጓት ጀመር።

ለሩቅ ነገር ግን ይህ ሁሉ ፒክስል ቀትር ላይ አይረዳም። መሬቱ ሲግል በላዩ ያለው አየር ይንቀለቀላል፤ የማዶው መንደር ቤት የቆርቆሮ ጠርዝ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይወላገዳል። ያንኑ መንደር በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲያነሣው አጥሩ እንጨት በእንጨት ተቆጠረ። የአገራችንን ተራሮች ማንሣት የሚፈልግ ሁሉ በማለዳ መነሣትን ከካሜራ ዋጋ በፊት ያስብበት።

ጣና ሐይቅ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሲኬድ የሞተር ጀልባው ይንቀጠቀጣል፤ በጎን የሚያልፈው የደንገል ታንኳም ይወዛወዛል። በስልክ ካሜራ የማይታወቅ የእጅ መንቀጥቀጥ እዚህ ምስል ላይ አፍጥጦ ይወጣል። የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት ወደ ሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ሲደረግ ግን የቀዛፊው መቅዘፊያ ላይ ያለው ውኃ ጠብታ በጠብታ ቆመ፤ ታንኳውን ያሰረው ደንገል የት ላይ ውኃ እንደጠጣና እንደጠቆረም ታየ።

ይህ ሁሉ ግን መለማመጃ ነበር። ካሜራው በእርግጥ የሚያስፈልገው ቦታ ዘጌ ነው፤ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም። ቤተ ክርስቲያኑ ከደጅ ሲታይ ክብ የሣር ቤት ይመስላል። ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ቅድስት ሲገባ የመቅደሱ አራት ግድግዳዎች ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍነዋል። ሥዕሎቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን በተለያዩ እጆች የተሠሩ ናቸው፤ በጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልጃችሁ አስቀድሞ አባቶችን አስፈቀደ። ፍላሽ ፈጽሞ አይነካም። ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ቆሞ፣ በበሩ በሚገባው ብርሃን ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ምስል ሴኮንዶች ወሰደ። ሰው ሲያልፍ ወለሉ ስለሚርድ እስኪያልፍ መጠበቅ ግድ ነበር።

ይህ ካሜራ አንድ ለሥዕል የተፈጠረ የሚመስል ጥበብ አለው። ውስጡ ያለው ብርሃን ተቀባይ በጥቂቱ እየተንፏቀቀ አንዱን ነገር 16 ጊዜ ያነሣል፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲገጣጠሙ 240 ሚሊዮን ፒክስል ያለው አንድ ምስል ይወጣል። በዚህ መንገድ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ተነሣ። አባዬ ከልጅነታችን ጀምሮ የሚነግረን ነው፤ 78 ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድሃ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፣ በሚዛኑ ላይም እሷ ጥላዋን ጥላ ውኃው መዘነለት። ምስሉ ተጎልቶ ሲታይ የሠዓሊው ብሩሽ የት ላይ ቀለም እንደጨረሰና ተነክሮ እንደተመለሰ ይለያል። ቀለሙ በተሰነጠቀበት ደግሞ የጨርቁ ድርና ማግ ብቅ ይላል። ከዓመታት በኋላ ስንጥቁ ሰፍቶ እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ከዛሬው ምስል ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ያለ ማስረጃ ጉዳት ይካዳል፤ ወይም ሲታወቅ ጊዜው ያልፋል።

ጨርቅነቱ ራሱ የሚያሳስብ ነው። ከግድግዳ የተለጠፈ ጨርቅ ይላጣል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር በነበረበት ጊዜ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንሥቶ ወሰደ፤ በምትካቸው አዲስ ቅጂ ለጠፈ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ዋናው ሄዶ ቅጂው ቀረ። ጥሩ ካሜራ ይህን መገልበጥ ይችላል፦ ዋናው በቦታው ይቆይ፣ ተመራማሪው ቅጂውን ይዞ ይሂድ።

ለመጻሕፍት ይህ ሥራ ጣና ላይ ቀድሞ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጀርመናዊው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት የሐይቁን ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ፤ ዝርዝራቸው በ1973 እና በ1977 በሁለት ጥራዝ ታተመ፣ ሦስተኛውን ቬሮኒካ ሲክስ በ1999 አወጣችው። በዝርዝሩ ቁጥር አንድ የክብራን ገብርኤል ወንጌል ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ፣ ሥዕሎቹ የተደነቁ። ክብራን ሴት አይገባበትም። እማዬ ያንን ወንጌል የምታየው በፎቶ ብቻ ነው ማለት ነው፤ እንግዲያው ፎቶው ከነሙሉ ቀለሙ መሆን ይገባዋል።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ፤ ሚኒሶታ ካለው የኮሌጅቪል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን በዝርዝሩ ላይ ያፈሰሱት እዚያ ነው። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ጸሐፊው በቀይ የጻፈው የእመቤታችን ስም ከጥቁሩ ጋር ግራጫ ሆኖ ይደባለቃል። ቢሆንም ባለውለታ ሥራ ነው። ቅጂው አዲስ አበባም ሚኒሶታም መቀመጡ ደግሞ ትክክለኛው አሠራር ነበር።

ልጃችሁን የሚያሳስበው የዛሬው ነው። ካሜራ የያዘ ሁሉ ወደ ዘጌ ይሻገራል፣ ያነሣል፣ ይሄዳል፤ ለገዳሙ የሚተርፍ ነገር የለም። ምስል ያለ ቦታና ያለ ቀን ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምስል ጥግ ትንሽ ማስመሪያና የቀለም መለኪያ ካርድ ገብቷል፤ በፋይሉ ስም ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ የግድግዳው አቅጣጫና ቀኑ ተጽፏል።

የቀረው የማስቀመጫ ጉዳይ ነው። አንዱ ምስል ሳይጨመቅ 120 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ የበላዔ ሰብእን የመሰለው ደግሞ 16 እንደዚያ ያለ ፋይል ነው። ከዚህ በኢንተርኔት መላክ አይታሰብም። ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ስታገኙ ለልጃችሁ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላኩለት። አንዱ ወደ እናንተ ይመለሳል። ሌላው ከነዝርዝሩ ለገዳሙ አስተዳዳሪ ይሰጣል፤ ትልልቆቹ ሥዕሎችም ባሕር ዳር ታትመው አብረው ይሄዳሉ፣ ኮምፒውተር የሌለው መነኩሴ እንዲያያቸው። ካሜራው በወሩ መጨረሻ ለባለቤቱ ስለሚመለስ አትዘግዩ።

አክባሪ ልጃችሁ፣ ከባሕር ዳር