ዋልያና የግጭ እናቶች

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን «ዋልያ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ብዙዎቹ «ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ነዋ!» እንደሚሏችሁ አልጠራጠርም፤ የእኔውም ልጅ ያለኝ ይህንኑ ነው። ዋልያ ጎንደር ውስጥ ካለው ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ የዱር ፍየል ነው። በዚያው ፓርክ የሚኖሩት ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ከኢትዮጵያ ውጪ የሉም።

ተራሮቹን የሠራቸው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ እየፈላ የወጣ ቅልጥ አለት ነው። ያንን አለት ዝናብና ወንዝ ለዘመናት ሲቦረቡሩት ኖረው፣ ዛሬ አንዳንዱ ገደል 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። እሜት ጎጎ ከሚባለው ጫፍ ላይ ጉልበቴ ስለከዳኝ በደረቴ ተኝቼ ነው ወደ ታች ያየሁት። እናት ዋልያ ግን አምስት ወር ያህል አርግዛ የወለደችውን ግልገል ይዛ እዚያው ገደል ወገብ ላይ ትሰማራለች። አዳኝና እርሻ ወደዚያ ገፍቷታልና።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሆኖም የዋልያው ቁጥር በማነሱ፣ እርሻውና ግጦሹም በመስፋቱ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ተነሥታ ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። «አባወራ» ይባል እንጂ፣ በአዲስ ቦታ ጎጆ ማቅናት በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከግጭ ስመለስ ደባርቅ ላይ ከእነዚሁ እናቶች ከአንዷ ቤት ቡና ጠጣሁ። «ላይ ሳለን ገብስ ገዝቼ አላውቅም፤ አሁን በጣሳ እሸምታለሁ» አሉኝ። ትምህርት ቤቱና ሐኪሙ መቅረቡን ግን አልካዱም፤ ሴት ልጃቸው ደብተሯን ዘርግታ አጠገባችን ታጠና ነበር። ዋልያ ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ለዋልያ ሲባል ማሳዋን የለቀቀች እናት፣ ጎብኚ ከሚያመጣው ገንዘብ ድርሻዋን ማግኘት አለባት ባይ ነኝ።

«የመንደራችን ማሳ እንዴት ሆኖ አየሽው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሣር ለብሶ፣ የጭላዳ መንጋ ሲግጥበት ማየቴን ነገርኳቸው።

«እነሱማ ድሮም ከገብሴ አይጠፉም ነበር» ብለው ሳቁና ቶናውን ቀዱልኝ።