አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም፤ የይፋጉ መምህር

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ተወልደን ያደግን እጩ መምህራን፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ሲነሳ አፋችንን ሞልተን እንናገራለን። ድጓ ቢሉ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ቢሉ ዙር አምባ፤ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። ታዲያ የዚሁ የበጌምድር ልጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ሲነሱ ለምንድን ነው ጨዋታው የሚቀዘቅዘው? ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ስማቸው ቢነሳ አንዱ ጓደኛችን «እሳቸውማ ጴንጤ ናቸው፣ ይለፈን» አለ። ጴንጤ የሚለው ቃል እንኳ በዘመናቸው አልነበረም። ያኔ እንዲህ ያለውን ሰው የሚሰድቡት «ጸረ ማርያም» እያሉ ነው፤ የገብረ ማርያምን ልጅ!

አለቃ ታዬ በ1853 ዓ.ም. ይፋግ ተወለዱ። ይፋግ ከአዲስ ዘመን አጠገብ ያለችው ናት፤ በወረታ አድርጎ ጎንደር የሚወጣ የኛ አገር ሰው ሁሉ በአጠገቧ ያልፋል። እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ሰዎች ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ሠርተዋል። መድፉም በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል፣ መንገድ እየተጠረገለት ወደ መቅደላ ተጎትቷል። እንግዲህ የፕሮቴስታንት ወሬ ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም ማለት ነው።

ታዬ በወጣትነታቸው ምጽዋ አጠገብ ወደ ምንኩሉ ሄደው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ሚሲዮን የገባ ልጅ ያባቱን ትምህርት ይጥላል ይባላል። እሳቸው ግን ምን አደረጉ? በ1889 ዓ.ም. እዚያው ምንኩሉ መጽሐፈ ሰዋስውን አሳተሙ። መጽሐፉ ግዕዝን በአማርኛ የሚያስተምር ነው! ቤተ ክርስቲያንን ካደ የተባለ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ቋንቋ ለተማሪ ሲያስረዳ ማየት ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ከኛ መካከል ዳዊት የደገመ ያውቀዋል፤ መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር እያነበነቡ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ መውጣት አለ። የአለቃ ታዬ ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይመስለንም። ሕዝቡ የሚነበብለትን ቃል በሚያውቀው ቋንቋ ሰምቶ ይረዳው ነው ነገሩ።

መከሰስ ግን አልቀረላቸውም። አፄ ምኒልክ ሰው እንዳይነካቸው የጥበቃ ደብዳቤ ሰጥተዋቸው ነበር። ከ1897 እስከ 1900 ዓ.ም. በርሊን ከፕሮፌሰር ኦይገን ሚትቮህ ጋር ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ፤ የይፋጉ ልጅ ለጀርመን ተማሪዎች ፊደል ሲያስቆጥር ይታያችሁ! ሲመለሱም ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያን ታሪክ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ንጉሡ በጠና ሲታመሙ ግን ጠባቂ ጠፋ። በ1902 ዓ.ም. ለማርያምና ለመስቀል አይሰግድም ተብለው ተከሰሱ፣ ታሰሩም። እሺ ብሎ ጎንበስ ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ አላደረጉትም። በሃይማኖቱ ከሳቸው ጋር የማንስማማ ብዙዎች ነን፣ ስለዚህም ጽሑፉን ከመለጠፋችን በፊት ብዙ ተከራክረናል። ሆኖም ያላመነበትን አላደርግም ብሎ እስር ቤት የገባን መምህር፣ ከኛ ወገን አይደለም ብለን ከአገራችን ሊቃውንት ዝርዝር ልናወጣው አንችልም።

«የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ታተመ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ነገዶች አመጣጥ የጻፉትን ብዙውን የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት አይቀበሉትም፤ የታሪክ ትምህርት የምትወስዱ ይህን አስታውሳችሁ አንብቡት። ቢሆንም እስከ ዛሬ እየታተመ ይነበባል። አለቃ ታዬ በ1916 ዓ.ም. አረፉ።

መጽሐፈ ሰዋስውን ግን በእጃችን አላገኘነውም። ለዕረፍት ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የምትሄዱ፣ ቄስ አባት ወይም የቅኔ መምህር አጎት ያላችሁ እስቲ ጠይቁልን፤ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ቢገኝ በጥንቃቄ ገልብጠን እንመልሳለን።