«ጤፍ ተወዶ ቴሌስኮፕ?»

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለ ጠፈር ሳይንስ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከጎረቤቶቼ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጤፍ እንዲህ ተወዶ ኮከብ ታያላችሁ?» ጥያቄው ቅን ነው። በፌዝ ሊታለፍ አይገባም።

ከቅርባችን ልጀምር። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች የሚነሱት ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበር። ያኔም «ሕዝቡ ጫማ ሳይኖረው አውሮፕላን?» ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ እንደዚያ የሚል የለም።

አሁን ወደ ሰማዩ። ፀሐይ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ፤ መግነጢሳዊ ኃይሏ የበረታባቸው፣ ከአካባቢያቸው ቀዝቀዝ ያሉ ቦታዎች ናቸው። በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ይበዛሉ፣ ያንሳሉ። ሲበዙ ፍንዳታውም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 ከፀሐይ የተነሳ ማዕበል በካናዳ ኩዊቤክ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ለ9 ሰዓት ገደማ መብራት አሳጥቷል። እኛም ከጉዳዩ ውጭ አይደለንም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህ መስመር አካባቢ ያለው የላይኛው አየር ደግሞ የጂፒኤስ ምልክትን በቀላሉ ያውካል። ይህ ለአብራሪውም ለመሬት ቀያሹም ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ፀሐይን እዩ፤ የሩቅ ኮከብ ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። ፀሐያችን አንዲት ናት። አንድ በሽተኛ ብቻ አይቶ ሐኪም የሆነ ሰው የለም። ስለ ፀሐይ ጠባይ ለማወቅ ወጣቱንም አሮጌውንም፣ ፈጥኖ የሚዞረውንም ዘገምተኛውንም ኮከብ ማየት ያስፈልጋል።

ሥራው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፎቶሜትሪ ነው፦ የኮከቡን ድምቀት በየሌሊቱ መለካት። ነጠብጣብ የበዛበት ፊቱ ወደ እኛ ሲዞር ብርሃኑ ጥቂት ይደበዝዛል፤ ከዚያም ኮከቡ በስንት ቀን አንዴ እንደሚዞር ይታወቃል። ሁለተኛው ስፔክትሮስኮፒ ነው፦ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና በትኖ የካልሲየምና የሃይድሮጅን መስመሮችን ማንበብ። መግነጢሳዊ እንቅስቃሴው ሲበረታ የመስመሮቹ እምብርት ይደምቃል።

ኦሊን ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1966 የ91 ከዋክብትን የካልሲየም መስመሮች መከታተል ጀመረ። ውጤቱን ያሳተመው በ1978 ነው። ሌሎች ከዋክብትም እንደ ፀሐይ ዑደት እንዳላቸው የታየው ከዚህ ትዕግሥት ነው። አንድ ዓመት ብቻ ለክቶ ቢያቆም ኖሮ በእጁ የሚቀር ነገር አልነበረም።

እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ግድም፣ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከ9 ዲግሪ ሰሜን የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ከሞላ ጎደል ይታያል። እዚህ ሲመሽ ቺሊና ሃዋይ ቀን ነው፤ እነሱ ማየት በማይችሉበት ሰዓት ያንኑ ኮከብ እኛ ልንከታተል እንችላለን። ይህንን ቦታ በገንዘብ አልገዛነውም።

የኔ ስጋት ግን ሌላ ነው። እኛ ዕቃ ማስመረቅ እንወዳለን፤ መዝገብ መያዝ ይሰለቸናል። የከዋክብት ጥናት ሀብቱ መስተዋቱ ሳይሆን ሌሊት በሌሊት የሚጠራቀመው ቁጥር ነው። ክረምቱ በደመና ወራት ይወስድብናል፤ የቀረውን ደግሞ የከተማው መብራት ይሻማናል። ከልደታ ፎቅ ላይ ሆኜ በበጋ ሌሊት የማያቸው ከዋክብት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያው ብርሃን እንጦጦንም ያገኘዋል። መንገዱ ይብራ፤ አምፖሉ ግን ወደ መሬት ይዙር። ለኪስም ይበጃል።

መዝገብ መያዝ አንችልም እንዳይባል ደግሞ ምስክር አለን። አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲለካ ኖሯል። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ መዝገቡ ግን ቀጠለ። ለጎረቤቶቼ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ ቴሌስኮፕ ከዳቦ ጋር አይጣላም። ገዝቶ አለመጠቀም ግን ከዳቦም ከሳይንስም ያጣላል።