ጥቁር አሸዋና የእናቴ ድምፅ

ሐምዳይት ላይ የሰቲት ወንዝ በበጋ ሲጎድል በዳርቻው አሸዋ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይታያል። ሰቲት የምንለው ያው ተከዜ ነው፤ ቆላ ሲወርድ ስሙን ለወጠ እንጂ ውኃው አንድ ነው። ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ስለሆንሁ ከኪሴ ማግኔት አይጠፋም። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት በወረቀት ጠቅልዬ በዚያ ጥቁር መስመር ላይ ሳሳልፈው፣ አሸዋው እንደ ጃርት እሾኽ ቆሞ ይጣበቅበታል። ልጆች ይህን ሲያዩ ይስቃሉ። እኔን የሚታወሰኝ ግን በማግኔት ያጠፋሁት የእናቴ ድምፅ ነው።

ገዳሪፍ የገባሁት በ1977 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በጎንደር በኩል ፊዚክስ አስተምር ነበር። እናቴ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ደብዳቤያችን ካሴት ሆነ። በዚያ ዘመን በስደት የነበርን ብዙዎች እንዲሁ እናደርግ ነበር፤ ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ የሞተውና የተወለደው ሁሉ በካሴት ተቀድቶ በነጋዴ እጅ በመተማ በኩል ይመጣል። በ1985 ዓ.ም. አንድ ካሴት ደረሰኝ። ማታ እስከ እኩሌታው አዳመጥሁና መብራት ጠፋ። «የቀረውን ነገ እሰማዋለሁ» ብዬ ካሴቱን አውጥቼ በጨለማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ያስቀመጥሁት ለጥገና በፈታሁት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ላይ ኖሯል። ጠዋት ስከፍተው ያልሰማሁት እኩሌታ ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ቆየኝ። «ደግማችሁ ቅዱልኝ» ብዬ መልእክት ብልክም፣ መልእክቴ ሳይደርስ የእርሷ መርዶ ደረሰኝ።

ድምፅ በቴፕ ክር ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ለተማሪዎች ያስረዳሁት ነገር ነበር፤ ዳሩ ግን እንደዚያን ቀን ትርጉሙ ገብቶኝ አያውቅም። ክሩ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ቡናማ መልኩ የዝገት ዘመድ ከሆነው የብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው። የኦክሳይዱ ቅንጣቶች እንደ ስንዴ ፍሬ ሞላላ ሲሆኑ፣ ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕኛ ያንሳል። ሰው ሲናገር ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ማግኔታዊ ኃይል ይለወጥና የቅንጣቶቹን ማግኔታዊ አቅጣጫ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ እያደረገ ያልፋል። ቅንጣቱ ራሱ ከቦታው አይነቃነቅም። እንግዲህ የእናቴ ድምፅ ሲጠፋ ከክሩ ላይ አንዲት ቅንጣት እንኳ አልጎደለችም። የእኔ ማግኔት ያደረገው ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ማዞር ብቻ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት በሆነበት ደግሞ ንግግር የለም።

ይህ አቅጣጫ ከየት ይመጣል ብለን ብንጠይቅ ኤሌክትሮን ዘንድ እንደርሳለን። እ.ኤ.አ. በ1922 ኦቶ ሽቴርንና ቫልተር ጌርላክ የተባሉ ሊቃውንት በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ፣ የብር አተሞችን ወጥ ባልሆነ ማግኔታዊ መስክ መካከል አሳለፉ። እንደ ቀድሞው ትምህርት ቢሆን አተሞቹ በአንድ ሰፊ ነጠብጣብ ላይ በተበተኑ ነበር። የታየው ግን ለሁለት የተከፈለ ምልክት ነው፤ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች፣ መካከለኛ የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆርጅ ኡህለንቤክና ሳሙኤል ጎድስሚት የተባሉ ሁለት ወጣቶች ኤሌክትሮን «ስፒን» የሚሉት ጠባይ እንዳለው ገለጹ። ስሙ መሾርን ያመልክት እንጂ ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት የሚሾር ኳስ አይደለም፤ ስፒን እንደ ክብደቱ ሁሉ ከተፈጥሮው የማይለይ ነገር ነው። በዚህ ጠባዩ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ኢምንት ማግኔት ነው። በብዙው ነገር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አንዱ የሌላውን ኃይል ያፈርሳል። በብረት ውስጥ ግን ጥንድ ያላገኙ ይቀራሉ፤ እነርሱም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተያይዘው ወደ አንድ ወገን ሲያደሉ ማግኔት ይወለዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ዳሩ ግን ማኅበሩ እጅግ ካነሰ አይጸናም። በሰቲት አሸዋ ውስጥ በማግኔት የሚሳበው ጥቁር ማዕድን ማግኔታይት ይባላል፤ ክረምቱ ከደጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያጠበ ያመጣዋል። የማግኔታይት ቅንጣት ከሠላሳ ናኖ ሜትር ገደማ በታች ከደቀቀ (አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የአየሩ ሙቀት ብቻውን አቅጣጫውን ያለ ዕረፍት ይገለብጠዋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል ይህን እ.ኤ.አ. በ1949 በስሌት አሳየ፤ በማግኔት ላይ ስለ ሠራው ሥራም በ1970 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቅንጣቱ አቅጣጫውን ለመለወጥ አንድ ዳገት መውጣት አለበት እንበል። የዳገቱ ከፍታ ከቅንጣቱ ይዘት ጋር ያድጋል። ጎኑ በግማሽ ሲቀንስ ዳገቱ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ለሺሕ ዓመታት ሊቆይ ይችል የነበረ ትውስታም በዓይን ጥቅሻ ይጠፋል። ትውስታ የመጨረሻ ትንሽ መጠን አለው ማለት ነው።

ሙቀቱ ቢወገድስ? እ.ኤ.አ. በ1996 የወጡ ጥናቶች አሥራ ሁለት የማንጋኒዝ አተሞች ባሉት ሞለኪውል ላይ እንዳሳዩት፣ በጽኑ ብርድ ውስጥ እንኳ ስፒኑ ዳገቱን ሳይወጣ ከሥሩ ሾልኮ ማዶ ይገኛል። በድንበር ላይ ለኖረ ሰው ይህ እምብዛም አያስደንቅም። በ2012 የአይቢኤም ተመራማሪዎች አንድ ቢት መረጃ በ12 የብረት አተሞች ላይ አኖሩ፤ በ2017 ደግሞ በአንድ የሆልሚየም አተም ላይ ብቻ ማኖር ተቻለ። ሁለቱም የተሠሩት ከፍጹም ዜሮ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ በሚል ብርድ ነው። በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚግለው አገራችን ትውስታ የብዙዎችን መተባበር ይፈልጋል።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝብ ሰቲትን እየተሻገረ ሐምዳይት ሲገባ፣ የጥገና ዕቃዬን ይዤ ሄድሁ። አንድ ወጣት በፌስታል የጠቀለለ ውኃ የገባው ስልክ አመጣልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ማግኔት አየና እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ የእናቴ ድምፅ አለበት። ማግኔት ድምፅ ያጠፋል ይባላል።»

«ማን ነገረህ?»

«አባቴ። ካሴት ነበረው።»

ለጊዜው መልስ አጣሁ። ከዚያ ግን እውነቱን ነገርሁት። «ልጄ፣ አባትህ ልክ ናቸው፤ ካሴት ያጠፋል። ያንተ ስልክ ግን ድምፁን የሚይዘው በኤሌክትሮኖች አቅጣጫ አይደለም፤ በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ባሰራቸው ኤሌክትሮኖች ብዛት ነው። ማግኔቴ አይነካውም። የሚያስፈራው ውኃው ነው።» ቢሆንም ማግኔቱን አንሥቼ ከጠረጴዛው አራቅሁት። ስልኩን ፈትቼ አጸዳሁና ሦስት ቀን አደረቅሁት። በአራተኛው ቀን በራ። የእናቱ መልእክት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ መድረሱን ትጠይቃለች፣ እንዲበላ ታሳስበዋለች። ሁለት ጊዜ ሰማውና ባትሪው እንዳያልቅ ዘጋው። ከመሄዱ በፊት ግን ግልባጩን በእኔም ስልክ ላይ አኑሮ፣ «ምናልባት የእኔ ቢጠፋ» አለኝ።

ያን ሳምንት ገዳሪፍ ተመልሼ የእናቴን ካሴት አወጣሁ። የቀረችውን እኩሌታ ወደ ስልክ ገልብጬ ለእኅቴ ልጆች ላክሁላቸው። አያታቸውን ሰምተዋት አያውቁም ነበር። የጠፋውን እኩሌታ የያዘው ክር ዛሬም ከእኔ ዘንድ ነው፤ ብረቱ አልጎደለምና መጣሉ ከበደኝ።

እናንተም፣ ውድ አንባብያን፣ በሣጥናችሁ የወላጆቻችሁ ድምፅ ያለበት ካሴት ካለ ከማግኔትና ከፀሐይ አርቁት፤ ዛሬውኑ ግልባጭ አድርጉለት፤ ግልባጩንም ለሌላ ሰው ስጡ። እኩሌታውን ሰምታችሁም የቀረውን ለነገ አታሳድሩት።