የሊብሬው ባለቤት

ጣና ዳር፣ ከሾላ ጥላ ሥር፣ አንዲት አሮጌ ሸቭሮሌት ገዢዋን ትጠብቃለች። በ1957 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራች ቤል ኤር ናት። የኋላ ክንፎቿ እንደ ዓሣ ክንፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የቤንዚን መሙያዋ ከግራው ክንፍ የብረት ጌጥ በስተጀርባ ስለ ተሸሸገ፣ የማያውቃት ሰው ዙሪያዋን ይዞራል እንጂ አያገኘውም።

ሻጩ መምህር ከአባቱ ወርሷታል። በአባትየው ዘመን እንዲህ ያለች መኪና የማዕረግ ምልክት ነበረች። የካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ፣ ያ ሁሉ ረጃጅም አውቶሞቢል የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት በአንዲት ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። አባትየውም ሸቭሮሌቷን ሸራ አለበሷት።

ይሁን እንጂ ሸራ ከአቧራ ያድናል እንጂ ሞተር አያኖርም። የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ባለሙያው ሌላ ያስራል፤ ዘልቆ የሚኖረው ታንኳው ሳይሆን የሚያስረው እጅ ነው። ለሸቭሮሌቷም እንዲህ ያለ እጅ ነበራት፦ በገበያ የታጣውን ዕቃ በቶርኖ እየቀረጹ የተኩላት አንድ አዛውንት መካኒክ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ገዢው ላሮጌ መኪና ዐይኑን ከፍቷል። ሦስቱም ተሳፍረው፣ በዚያው ዓመት የተመረቀውን የ380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ተሻግረው ተመለሱ። ሞተሩ አንዴም አላንገራገረም።

«እንዲህ አድርጎ የያዛት ማን ነው?» ሲል ገዢው ጠየቀ።

መምህሩ «እኛ» ሊል ከንፈሩን አላቀቀ። ዕድሜውን ሙሉ ለጠየቀው ሁሉ የመለሰው ይህንኑ ነበር። መካኒኩ ግን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አጠገቡ ቆመዋል። ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ጋሼ ናቸው» አለ።

ውል ተፈረመ፤ ሊብሬው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። መምህሩ ከገንዘቡ ሲሶውን ለይቶ ለመካኒኩ ዘረጋ።

«ስጦታ ነው?» አሉ አዛውንቱ፣ እጃቸውን ሳይሰድዱ።

«አይደለም፣ ጋሼ። ዕዳ ነው።»

«እንግዲያስ ልቁጠረው» ብለው ተቀበሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ ቆጠሩት። ከዚያም ተነሥተው ወደ መኪናዪቱ ሄዱና፣ የግራውን ክንፍ ጌጥ ገልበጥ አድርገው፣ ለአዲሱ ባለቤት የቤንዚን መሙያውን አሳዩት።