ስሟ ነበረ፤ መስኮቱ ግን አልሰማም

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲባል ሰምተን አድገናል። ባለፈው ሰኞ ግን ዝምታ ጓደኛን እንደሚያስርብ አየን። ጥፋቱ የኛው ነውና እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንናዘዛለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አራት ሰልጣኞች ለምግብ አዳራሹ የስም ዝርዝር የሚይዝ ፕሮግራም በጃቫ ጽፈን ነበር። ተረኛው በር ላይ ቁጭ ብሎ ስማችንን ከኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ እያየ ያስገባናል። እሰይ ተባልን፤ ደረታችንን ነፋን። ሰኞ ረፋድ ላይ ዘግይታ የመጣች አንዲት እኅታችንን እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ራሳችን መዘገብናት፤ 41ኛ ሆነች። በምሳ ሰዓት ተረኛው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየና «እኅቴ፣ ስምሽ የለም» አላት። ክርክር አላበዛችም፤ ጦሟን ዋለች።

ማታ ፕሮግራሙን ዘግተን ስንከፍተው ስሟ ቁጭ ብሏል! ታዲያ ቀን የት ሄዶ ነበር? የትም። ስሙን የሚይዘው መዝገብ ሌላ፣ ስሙን የሚያሳየው መስኮት ሌላ ነው። ሁለቱን የመለየቱን ሐሳብ ኖርዌጂያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1979 እ.ኤ.አ. በዜሮክስ የምርምር ማእከል ሳለ ጽፎታል። መስኮቱ መዝገቡን እየዞረ አይጠይቅም፤ «ተለወጠ» የሚል መልእክት ይጠብቃል። እኛ ስሙን ጻፍን እንጂ መልእክቱን መላክ ዘነጋን።

በጃቫው ስዊንግ መልእክቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ ተጨመረ፣ ተቀነሰ፣ ይዘቱ ተለወጠ። ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ተራ እንደሆነም አብሮ ይነገራል። እዚህም ላይ ተሳሳትን፤ 41 ብለን ላክን። ለካስ ቆጠራው ከ0 ይጀምራል፤ የሷ ተራ 40 ነው።

አንዱ ጓዳችን «መስኮቱን በየሴኮንዱ እንደ አዲስ ብናስለውስ?» አለ። ለአንድ ፊደል እርማት ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ሙሉውን እንገልብጥ እንደማለት ነው ብለን ተውነው። ይልቅ ጠቅላላው የሰው ቁጥር የሚታይበት ቦታም ያንኑ መልእክት እንዲያዳምጥ አደረግን። አሁን ስም ሲገባ ዝርዝሩም ቁጥሩም አብረው ይታረማሉ።

እኅታችንን ይቅርታ ጠየቅናት፤ «ሁለተኛ እንዳይለምዳችሁ» ብላ ሥቃ አለፈችን።

እኛ ግን አንድ ነገር ይዘናል። ነገ ክፍል ገብተን ስናስተምር፣ በደብተራችን ያለው እውቀት ተማሪው ዘንድ ካልደረሰ እንደዚያ ስም ነው፤ አለ፣ ግን አይታይም። መዝገብ ማረም ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ መንገር ነው።